በቃል የተነበበው ዳዊት

ሬዚደንቶቼ በሌለሁበት «ሚዛን» እያሉ እንደሚጠሩኝ የነገረችኝ የቀዶ ሕክምና ክፍላችን የጽዳት ሠራተኛ ናት። ልታሞግሰኝ ፈልጋ ይሁን ልትነካካኝ እስካሁን አልገባኝም፤ እኔ ግን ስሙን ወደድኩት። የዓይን ሐኪም ነኝ። የዓይን ሐኪም ለመሆን የሚሠለጥኑትንም እፈትናለሁ። እነዚህ ጠቅላላ ሐኪም ሆነው ከተመረቁ በኋላ ለዓይን ሕክምና ብቻ እንደገና ለዓመታት የሚማሩ ሐኪሞች ናቸው፤ ሬዚደንት የምንላቸው እነሱን ነው። ቀዶ ሕክምና ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ እጃቸውን እያየሁ ነጥብ እሰጣለሁ። ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አለን። ከመጀመሪያው ቅድ አንስቶ ዓይኑ በፋሻ እስኪሸፈን ድረስ እያንዳንዱ እርምጃ በተራ ተዘርዝሮበታል፤ በየእርምጃው አንጻር ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሞላል። ያንን ቅጽ በጣም አምነው ነበር። የአንድ ሐኪም ችሎታ በሙሉ እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

መናዘዝ ከጀመርኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈጣን እጅ እወዳለሁ። እጁ ሳይደናቀፍ የሚሠራ ሬዚደንት ሳይ ደስታዬን መደበቅ ያቅተኛል።

ዶክተር ይበልጣል ግን ቀርፋፋ ነበር። ላሳምርለት ብል አይሆንልኝም። ጓደኞቹ ሁለተኛውን ሰው ጨርሰው ሦስተኛውን ሲያስገቡ እሱ ገና የመጀመሪያውን አልጋ ላይ አስተኝቶ ሰውየውን ስለ ላሞቹ ይጠይቃል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጠጋ ካላሉት ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ጠይቄው አላውቅም። ባለፈው ግምገማ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቼ ያስቀረሁት እኔው ነኝ። ወደ መጨረሻው ዓመት ለመዛወር ፈታኝ ባለበት አንድ ሙሉ የሞራ ቀዶ ሕክምና መሥራት ይጠበቅበታል። የግምገማ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። እስከዚያ ካልሠራ ሁለተኛ ጊዜ ቀረ ማለት ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ የቀረን ሰው ኮሚቴው ከሥልጠናው ሊያሰናብተው ይችላል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቷል ተብሎ ለአራት ቀን የዓይን ሞራ ዘመቻ ወደ ደብረ ማርቆስ በሄድንበት ጊዜ ነው። የሠራንበትን ግቢ በስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የግቢው አልነበረም። ሰው ከቁይ፣ ከጉንደ ወይን፣ ከየገጠሩም ጎረፈ። ሚኒባስ ያገኘ በሚኒባስ፣ ያላገኘ በበቅሎ መጣ፤ በቃሬዛ የመጣም ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ለምርመራ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለቀዶ ሕክምና፣ አራተኛውን ፋሻ ለመፍታት መደብነው። በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መኪናው እኛን ይዞ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ክፍት ይሆናል ብሎ የሚምል ሰው አልነበረም።

የሩቅ እይታ የምትለካው ሲስተር ዘይነብ ነበረች፤ አባቷ ቁይ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የማትደክም ነርስ ናት። የሹካ ቅርጽ ያላቸው ምልክቶች በተለያየ አቅጣጫ የተደረደሩበትን ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ በዘንግ እየነካች «ጥርሱ ወዴት ነው?» ትላለች። ታካሚው «ወደ ላይ»፣ «ወደ ቀኝ» ይላታል፤ ፊደል ያልቆጠረም ይመልሳል። ከዚያ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ታደርግና ወደ እኔ ታሳልፈዋለች።

ከቀትር በኋላ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ሳለ፣ ቄስ ላቀው የሚባሉ አባት ፊቴ ተቀመጡ። ከጉንደ ወይን ራቅ ካለ ገጠር ነው የመጡት። እጃቸውን ይዘው ያስቀመጧቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ጠንክሮ ቡናማ ሆኗል፤ በዚያ ዓይን የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ግራው ግን ጥርት ያለ ነው። ሲስተር ዘይነብም ካርዱ ላይ «ግራ፦ በጣም ጥሩ» ብላ ጽፋለች። በግራ ዓይናቸው ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝና ከቆዳ ማኅደራቸው ውስጥ ጠርዙ በእጅ ወዝ የጠቆረ ዳዊት አወጡ። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፌ ሸፈንኩ። መጽሐፉን ገልጠው፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ ጀመሩ። ግዕዙ ከአፋቸው እንደ ውኃ ወረደ። አንድም ቦታ አልተሰናከሉም። ሰልፉ ላይ የነበሩ ሰዎች ጆሯቸውን ሰጡ። አባቴ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ዳዊት ሲደግም እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ከሞተ ወዲህ በዚያ ዜማ የሚደግም ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልቤ ቀለጠ። የቀለጠ ልብ ደግሞ አይመረምርም።

ወደ ግራው ዓይን ጀርባ መብራት አብርቼ ማየት ነበረብኝ። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ይህን ሳያደርጉ የተገኙ ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ አፋጥጫለሁ። ከአባ ኋላ ግን ገና ረጅም ሰልፍ ይጠብቀኛል። ዳዊት የሚያነብ ዓይን ምን ይሆናል ብዬ «ግራ፦ ሩቅም ቅርብም ደህና» ስል ጻፍኩና ፈረምኩ። በእስክርቢቶ ከቀኝ ቅንድባቸው በላይ የቀዶ ሕክምናውን ምልክት አደረግሁ።

ከዚህም አልፌ ለይበልጣል ፈተና መረጥኳቸው። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ። የሚያይ ዓይኑ አንድ ብቻ የሆነን ሰው ሠልጣኝ አይሠራውም፤ ያ ዓይን ቢበላሽ መመለሻ የለውምና። ለፈተና የሚመረጠው ሌላኛው ዓይኑ በደንብ የሚያይ ሰው ነው። በእኔ ካርድ ላይ ቄስ ላቀው ልክ እንደዚያ ያለ ሰው ነበሩ። ይበልጣልን ጠርቼ ያንተ ሰው ተገኘ አልኩት። ለሦስተኛው ቀን ቀጠርኩለት፤ በሁለተኛው ቀን እጁን እንዲያፍታታ ሌሎቹን ሲያግዝ ዋለ።

ሦስተኛው ቀን ሲነጋ ዕቃችን ተሟጦ ነበር። የቀረን አንድ የታጠበና የታሸገ የቀዶ ሕክምና ዕቃና ለቄስ ላቀው ዓይን የሚስማማ አንድ ሌንስ ነው። ይህንን ለፈተናው ብዬ ሆን ብዬ ያስቀረሁት ነው። ቅጹን አዘጋጅቼ፣ ስሙን ጽፌ፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ይበልጣል ዘገየ። እንደ ልማዱ ነው ብዬ ሳጉረመርም ከግቢው ማዶ መጣ። ጋውን አልለበሰም።

«ዶክተር፣ አባን አልሠራም» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ስንት ነገር አሰላስዬ፣ ዕቃ አስቀርቼ፣ ሰው መርጬለት! ፈራህ እንዴ ብዬ ጠየቅኩት።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አለ። «ግራው የሚያይ አይመስለኝም። ያላቸው ይሄ አንድ ዓይን ነው።»

ካርዱን አውጥቼ ፊርማዬን አሳየሁት። ዳዊት አንብበውልኛል አልኩት። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ዓይን ለዓይን ያየኝ የመጀመሪያው ቀን ነው።

«ዳዊት እኮ እኔም በቃሌ ነው፣ ዶክተር። በጨለማም እወጣዋለሁ።»

ከዚያ የሆነውን በቀስታ ነገረኝ። ከቀዶ ሕክምና በፊት ሰውየውን ሄዶ የማናገር ልማዱን ተከትሎ ማለዳ አባ ያደሩበት ክፍል ሄዷል። መስቀል ሊሳለም በግራቸው በኩል ጎንበስ ይላል። አባ ድምፁን ተከትለው መስቀሉን ይዘረጋሉ፤ መስቀሉ ግን ግንባሩን ስቶ ትከሻው ላይ ያርፋል። በትከሻው ተሳልሞ (ቃሉ የራሱ ነው) ቁጭ ይላል። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ በወፍራም እስክርቢቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በዓለም ላይ ማንም አስቀድሞ በቃሉ ሊይዘው የማይችል ነገር ይጽፋል፤ «ትናንት ጉንደ ወይን ላይ የባጃጅ ጎማ ፈነዳ»። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፉ ይሸፍንና ያንብቡልኝ ይላቸዋል። አባ ወረቀቱን ያቀርቡታል፣ ያርቁታል። መጨረሻ ላይ «ጽሕፈትህ ደቃቅ ነው ልጄ» ይላሉ። እያንዳንዱ ፊደል አውራ ጣት ያህላል።

ወረቀቱን ሰጠኝ።

ወደ ክፍሉ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። አባን አልጋቸው ላይ ቀና አድርጌ ብርሃን አብርቼ የግራ ዓይናቸውን ጀርባ አየሁ። የማየት ነርቩ ነጥቷል፤ መሐሉ ተቦርቡሯል። ግላኮማ ነው፤ የዓይን ውስጥ ግፊት ቀስ እያለ የጨረሰው፣ ከውጭ ምንም ምልክት የማይታይበት፣ ከእንግዲህም በምንም የማይመለስ ዓይን። ብሌኑ ለብርሃን ይኮማተር እንደሆነ አይቼ ልጠራጠር እችል ነበር፤ ጠብታው ብሌኑን ስላሰፋው እሱም አልታየኝም። አሁን ሳስበው ይህ ሰበብ ነው። መብራቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በርጩማ ስቤ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

«አባ፣ ግራው ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?»

ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ቄስ ላቀው ሁለት ክረምት አልፎታል አሉኝ። መጀመሪያ ጭጋግ መስሏቸው እንደነበር፣ ቀኙም ሲደክም እርምጃቸውን እየቆጠሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደለመዱ ነገሩኝ። ለምን እንደደበቁኝ ጠየቅኳቸው።

«በደብራችን ያለነው ቀሳውስት ሁለት ነን፣ ልጄ። ቅዳሴ ደግሞ ከሁለት ቄስና ከሦስት ዲያቆን ካነሰ አይቀደስም። እኔ ዓይኔ ጠፋ ብዬ ቤቴ ቁጭ ካልኩ ቅዳሴው ታጎለ ማለት ነው። ሕፃኑን ማን ያቆርበዋል? ይቺን አንዷን ጠርጋችሁልኝ ብሄድ፣ ሌላዋ እንደሌለች ማን ያውቅብኛል ብዬ ነው።»

የሲስተር ዘይነብን ሰሌዳ እንዴት እንዳለፉት ጠየቅኳቸው። አፍረው መሬት መሬት አዩ። አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ ከፊታቸው የነበሩት ሦስት ሰዎች ሲመልሱ ሰምተዋል። ዘይነብ ሰዉ በዝቶባት ዘንጉን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ተራ ነበር የምታስኬደው። አባ ከላይ እስከ ታች ያለውን መልስ በጆሯቸው ያዙት፤ ተራቸው ሲደርስ ወጡት። አንድም አልሳቱም። እሳቸው ይህን ሲያስረዱ እንደ ትንሽ ነገር ነው፤ በልጅነታቸው የኔታ አንዴ ያሉትን ሁለተኛ አይደግሙላቸውም ነበር። ዘይነብ በር ላይ ቆማ ሰምታ ግንባሯን ያዘች። እኔ ንዴቱም መደነቁም አንድ ላይ መጡብኝ። ሁለት የሕክምና መመርመሪያ፣ አንድ ነርስና አንዲት «ሚዛን» ተሰልፈን የአንድን ሽማግሌ የማስታወስ ችሎታ ስንለካ ውለናል፤ ያልለካነው ዓይናቸውን ብቻ ነው።

እውነቱን ነገርኳቸው። ግራው እንደማይመለስ፣ ቀኙ ብቸኛ ዓይናቸው እንደሆነ፣ ሞራው እጅግ የጠነከረ ስለሆነ ሊበላሽ እንደሚችል፣ ካልተሠራ ግን በዚያም ዓይን ከብርሃንና ከጥላ ሌላ እንደማያዩ። የተሻለ መሣሪያ ወዳለበት ከተማ እንዲሄዱም ጠየቅኳቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ከዚህ በላይ የሚወስዳቸው መንገድም ሰውም እንደሌለ ነገሩኝ። አባ ማን ነው የሚሠራኝ አሉ። እኔ ነኝ አልኩ።

«ያ ልጅስ?»

«ከጎኔ ሆኖ ያግዘኛል።»

«ይሁን» አሉ። «ያወቀብኝ ሰው አጠገቤ ይሁን።»

የቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ስንገባ የይበልጣል ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስሙ የተጻፈበት፣ ሌላው ባዶ። ከዚያች አንድ ሌንስ በቀር ሌላ እንደሌለን ያውቃል። አልሠራም ሲለኝ ፈተናውንም አብሮ እንደጣለ ያውቃል። እጁን ሲታጠብ ፊቱን አየሁት። አላዘነም፣ አልኮራምም፤ ስለ አባ አንገት ትራስ ይጨነቅ ነበር።

የመጀመሪያው ቅድ ላይ ስደርስ ዓይኑ በማይክሮስኮፑ ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየሁ። መቁረጫውን መልሼ አነሳሁ። አባ በማደንዘዣው ዓይናቸው ቢደነዝዝም ነቅተው ነው ያሉት፤ ከጨርቁ ሥር ጸሎት ሲጀምሩ ጭንቅላታቸው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል። ይበልጣል ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለና «አባ፣ ውዳሴ ማርያምን ድምፅ ሳያወጡ በልብዎ ይውጡልኝ። ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ይመለሱ» አላቸው። ጭንቅላታቸው ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ቀደድኩ።

ሞራውን ከተሸከመው ስስ ከረጢት ላይ ማላቀቅ ጀመርኩ። ድንጋይ ነው። በለመድኩት ፍጥነት አዞርኩት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛውን ልደግም ስል ይበልጣል «ዶክተር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይቁሙልኝ» አለ።

እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ረዳት የለኝም። ቆምኩ።

«በላይኛው በኩል ከረጢቱ የተከተለዎት መሰለኝ።»

ማጉያውን ጨምሬ አየሁ። ከረጢቱን ከዓይን ግድግዳ ጋር የሚያስሩት እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ክሮች በአንድ በኩል ላልተው ነበር። አንድ ጊዜ ጨክኜ ባዞረው ሞራው ከነከረጢቱ ወደ ዓይኑ ጓዳ ይወድቅ ነበር፤ እዚያ የወደቀን ለማውጣት ደግሞ በዚያ ግቢ መሣሪያም ባለሙያም አልነበረም። አባ የዓለምን መልክ ዳግም አያዩም ማለት ነበር።

ከዚያ በኋላ በእኔ ፍጥነት ሳይሆን በእሱ ፍጥነት ሠራን። ቅዱን አሰፋሁ። እሱ የላላውን ጎን በስሱ ደገፈልኝ። ጥቂት ነካ አድርጌ እቆማለሁ፤ ያያል፤ «ደህና ነው» ይለኛል፤ ጥቂት ነካ አደርጋለሁ። ሰዓቱን አላየሁም። ሞራው ቀስ ብሎ ወጣና የብረት ሳህኑ ላይ ቂው አለ። ሌንሱ ገብቶ ቦታውን ሲይዝ ዘይነብ እፎይ ስትል ሰማኋት። ፋሻውን ያሰረው ይበልጣል ነው። አባ ከጨርቁ ሥር ሲወጡ ውዳሴ ማርያምን አራት ጊዜ ወጥቼ አምስተኛው ላይ ነበርኩ አሉን።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻውን ፈታን። ዘይነብ ሰሌዳውን በአዲስ ቦታ ሰቅላ፣ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ እያዘለለች፣ ማንም ሊገምት በማይችል ተራ ጠየቀቻቸው። አባ እያሰቡ፣ ዓይናቸውን እያጠበቡ፣ እስከ አራተኛው መስመር ወረዱ። የቅርብ መነጽር ከሣጥናችን አውጥቼ ሰጠኋቸውና ዳዊታቸውን እንዲገልጡ ጠየቅኳቸው።

ያን ጊዜ የሆነውን በሕይወቴ አልረሳውም። አባ ተንተባተቡ። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው፣ አንዱን ቃል ጀምረው እየተመለሱ፣ እንደ ፊደል ተማሪ እየቆጠሩ አነበቡ። ከሦስት ቀን በፊት እንደ ውኃ የወረደው መዝሙር አሁን አንድ መስመሩ አልገፋ አላቸው። አንድ ቃል ላይ ደርሰው ቆሙና ሳቁ፤ ለዘመናት በቃላቸው ሲሉት የኖሩትን ቃል መጽሐፉ ትንሽ ለየት አድርጎ ይጽፈዋል። ይበልጣልን ቀና ብለው አዩት፤ መልኩን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ቀጭን መሆኑን አልነገራችሁኝም አሉ። ከዚያ መስቀላቸውን አንስተው ግንባሩ ላይ አሳረፉት።

ግላኮማው የዳነውንም ዓይን እንዳይበላው በየቀኑ የሚጨመር ጠብታ ሰጠናቸው፤ አደራውን ለወይዘሮ ትርንጎ ሰጠን። ስለ ግራው ዓይን ለደብሩ ሰዎች እንዲነግሩም ለመንኳቸው። እነግራለሁ አሉ። አሁንማ የማየው አለኝ፣ ምን እፈራለሁ አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም በሙያህ ሰው ትመዝን ይሆናል። መምህር ትሆናለህ፣ ፎርማን ትሆናለህ፣ ወይም ልጅሽን የምታሳድጊ እናት ትሆኚያለሽ። እኔ ለዓመታት ሳይደናቀፍ የሚሄድን ነገር ሁሉ ችሎታ ነው ብዬ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ሳይደናቀፍ የሚሄድ ነገር አንዳንዴ በቃል የተያዘ ነገር ነው። የእኔም እጅ እንደዚያ ነበር፤ ሳያይ የሚወጣ። የሚያይ ሰው ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ዛሬ ሬዚደንት ስፈትን መጀመሪያ ከታካሚው ጋር ምን እንደተነጋገረ እጠይቀዋለሁ። ይህን ዓይን ላለመሥራት የሚያበቃ ምን አገኘህ እለዋለሁ። ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል፤ ግራ መጋባታቸውንም እወደዋለሁ። እኔ ራሴ ካርድ ላይ ከመፈረሜ በፊት መብራቱን ከኪሴ አወጣለሁ። ስሜ አሁንም «ሚዛን» ነው መሰለኝ፤ ስሰማው ግን እንደ ድሮው ደስ አይለኝም።

ይበልጣል ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ከደብረ ማርቆስ ከመነሳታችን በፊት ቅጹን ሞላሁት። ቀዶ ሕክምናውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ በእያንዳንዱ እርምጃ አንጻር «አልተገመገመም» ብዬ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ልዋሽለት አስቤ ነበር፤ እግዜር ያውቃል አስቤ ነበር። ግን እሱን ያስከበረው አለመዋሸቱ ሆኖ ሳለ በውሸት ላሳልፈው አልቻልኩም። ከታች «የሠልጣኙ አስተያየት» የሚል ቦታ አለ፤ ብዙዎቹ ቅሬታቸውን የሚያሰፍሩበት ነው። እዚያ ላይ የፈለገውን እንዲጽፍ ሰጥቼው መኪናው ውስጥ ገባሁ። አጥፎ፣ በፖስታ አሽጎ መለሰልኝ። አልከፈትኩትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው ፊት ቆሜ ነገሩን ከነጥፋቴ ተናገርኩ። ካርዱን ከነፊርማዬ፣ ቅጹ የታሸገበትንም ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ክርክሩ ረጅም ነበር። ደንብ ደንብ ነውና ለመዛወር ግማሽ ዓመት ይጠብቃል ተባለ፤ ማሰናበት የሚለውን ቃል ግን ማንም ደግሞ አላነሳውም። ሊበተኑ ሲሉ ሰብሳቢው ፖስታውን አየና ሠልጣኙ ራሱ ምን ይላል ብሎ ከፈተው። ስለ ዝውውሩ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ እኔ የጻፈ መስሎን ሁላችንም ጠበቅን። ሰብሳቢው ገጹን እስከ ታች በዓይኑ ወርዶ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ከይበልጣል ፊርማ በላይ ያለችውን ብቸኛ መስመር አነበበልን፤

«ታካሚው ያያሉ።»